የ1992 ማያታዬ በመንገድ ላይ ጉልበቷ በድንገት ይጠፋና ይመለሳል፤ ከየት ልጀምር?

ባለቀይዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ማዝዳ ማያታ ናት፤ የ1992፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር፣ ባለ አምስት ማርሽ። 148 ሺህ ማይል ሄዳለች፤ ከሦስተኛ ባለቤቷ የገዛኋት አምና መስከረም ላይ ነው። ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኝ ኖሬ በአርባ ዓመቴ ነው ያገኘሁት፤ ስለዚህ እባካችሁ "ሽጣት" አትበሉኝ።

ጠዋት ስትነሣ ምንም አትልም። ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ከነዳኋት በኋላ፣ በተለይ በ270 አውራ ጎዳና ወደ ፍሬድሪክ ስወጣ፣ ነዳጅ እንደረገጥኩ ሞተሩ ጸጥ ይላል። ፍሬን የያዝኩ ያህል ወደ ፊት ያንገጫግጨኛል። አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይታ ምንም እንዳልሆነ ትቀጥላለች። አንዳንድ ቀን አምስት ጊዜ ያደርጋታል፤ አንዳንዴ ሳምንቱን ሙሉ ደህና ትሆናለች። ባለፈው ሐሙስ ግን ጠፍታ አልተመለሰችም። ከኋላዬ ትልቅ የጭነት መኪና እየመጣ ነበር፤ እንደምንም ዳር ያዝኩ። ሩብ ሰዓት ጠብቄ ቁልፉን ሳዞር ወዲያው ተነሣች። ቤት እስክገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ካንዴላዎቹን፣ ገመዶቻቸውንና የነዳጅ ፊልትሮውን ቀይሬያለሁ። አንድ ጋራዥ ደግሞ የነዳጅ ፓምፑ ነው ብሎኝ ከነእጅ ዋጋው 640 ዶላር ከፈልኩ፤ በሦስተኛው ቀን መልሳ ጠፋች። የሞተር መብራት በርቶ አያውቅም። ከእንግዲህ በግምት ዕቃ መግዛት አልፈልግም። ምን ልመርምር?

የሰባራ ባቡሩ መካኒክ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ እንኳን እግዜር አተረፈህ። ማያታ በእጄ ገብታ አታውቅም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ላዳና ኮሮላ ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር ጠባይ ግን አንድ ነው። ነዳጅ ሲያጥረው እየተንተፋተፈ፣ እየደከመ ነው የሚሄደው፤ መስመሩ ውስጥ የቀረ ግፊት ስላለ በአንዴ አይቆረጥም። የካንዴላ እሳት ሲያጣ ግን የቤት መብራት እንደማጥፋት ነው። አንተ የነገርከን ይህን ሁለተኛውን ይመስላል። ግን "ይመስላል" ብለን አንነሣም።

አንድ ነገር አይተህ ንገረኝ። በምትቋረጥበት ቅጽበት፣ ፍሪሲዮን ሳትረግጥ፣ የአርፒኤሙ (ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳየው) ቀስት ምን ያደርጋል? ማርሽ ውስጥ እስካለህ ድረስ ጎማው ሞተሩን እያዞረው ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ አልቆመም። ቀስቱ ግን የሚቆጥረው የብረቱን መዞር ሳይሆን ከቦቢናው (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ኮረንቲ ከሚያመነጨው ዕቃ) በኩል የሚመጣለትን ምት ነው። መኪናው እየሮጠ ቀስቱ ዜሮ ላይ ዱብ ካለ እሳቱ ተቆርጧል። ቀስቱ ከፍጥነቱ ጋር እየወረደ ከሄደ ነዳጁን ተከተል። ይህን ሳታይ አንዲት ብሎን እንኳ እንዳትገዛ።

ደግሞ ስማኝ፤ ሲጠፋብህ ደንግጠህ ቁልፉን እንዳትነቅል፣ መሪው ይቆለፍብሃል። ፍሬኑም ሞተሩ ከቆመ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ለስላሳ የሚሆንልህ፤ ደጋግመህ አትርገጠው፣ አንዴ አጥብቀህ ርገጥና ዳር ያዝ። ምርመራውንም በሰፈር መንገድ አድርገው፤ አውራ ጎዳና ላይ እንዳልሰማህ።

ባለቀይዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ። ባለቤቴ ጎኔ ተቀምጣ በስልኳ ቀረጸችው፤ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ሰፈር ውስጥ ስንዞር ሁለት ጊዜ ተቋረጠች። በሁለቱም ጊዜ ቀስቱ ከ2500 በአንዴ ዜሮ ላይ ወደቀ፤ ስትመለስ እሱም አብሮ ዘለለ። ያ ፓምፕ ጤነኛ ነበር ማለት ነው፤ ገንዘቡ አንጀቴን በላኝ።

ሁለት በር (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ እኔ የ1990ዋን ነው የያዝኩት፤ ሞተራቸው አንድ ነው። የጋሼ ምክር ግማሹን መንገድ ወስዶሃል። ቀስቱ እየወረደ ቢሆን ኖሮ ኮፈን ሥር ያለችውን የምርመራ ሳጥን ከፍተህ ኤፍ ፒ (F/P) እና ጂ ኤን ዲ (GND) የሚሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ አገናኝ እልህ ነበር፤ የነዳጅ ፓምፑ ከአየር መለኪያው ውስጥ ያለችውን ማብሪያ ሳይጠብቅ ይሠራል። አሁን ግን እዚያ አትድከም።

የቀረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ኮረንቲው ቦቢናው ጋ እየደረሰ ነው እሳት የጠፋው፣ ወይስ ቀድሞ መንገድ ላይ ነው የሚቀረው? ቦቢናው፣ እሳቱ መቼ እንደሚወጣ የሚያሳውቀው የካም ሴንሰሩም፣ ሁለቱም ከሞተሩ ጀርባ ሙቀት ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ "ሲሞቅ ነው" ማለት ብቻውን አይለይልህም። ሰውም ሴንሰሩን ገምቶ የሚገዛው ለዚህ ነው።

ሁለት ትንንሽ የ12 ቮልት አምፖል ግዛ። የአንዱን አንድ ጫፍ ቦቢናው ላይ ከሚገባው የፖዘቲቭ ሽቦ ጋር፣ ሌላውን ማሳ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተገናኘው የመኪናው ብረት) ላይ አስረህ፣ ሽቦውን በመስኮት አስገባና ዳሽቦርዱ ላይ በናስትሮ ለጥፈው። ሁለተኛውን ከመሪው ሥር፣ ከቁልፉ እንደወጣ ባለው ሽቦ ላይ አድርግ። ከዚያ ንዳት። ስትቋረጥ ሁለቱም እንደበሩ ከቀሩ ሴንሰሩን ወይም ኢግናይተሩን (ቦቢናውን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክ ዕቃ) ጠርጥር። የቦቢናው ብቻ ከጠፋ ችግሩ በመካከል ነው። ሁለቱም ከጠፉ ቁልፉ ወይም ከእሱ በፊት ያለው ነው።

እግረ መንገድህን ማሳውንም ለካ። ባትሪዋ ያለችው ከኋላ ሻንጣ ውስጥ ስለሆነ የማሳው መንገድ ረጅም ነው፤ ዝገት ይወዳል። ሞተሩ እየሠራ፣ የፊት መብራት በርቶ፣ በሞተሩ ብረትና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ከ0.2 ቮልት በላይ ካገኘህ ገመዶቹን ፈትተህ አጽዳ።

ባለቀይዋ

ተገኘ! በዝርዝር ልጻፈው፤ ምናልባት አንድ ሰው ፓምፕ ከመግዛቱ በፊት ያነበው ይሆናል።

ማሳው 0.08 ቮልት ነው፤ ደህና ነው። አምፖሎቹን አስሬ ወጣሁ። በ26ኛው ደቂቃ ተቋረጠች፤ የቦቢናው አምፖል ከቀስቱ ጋር እኩል ጠፋ፣ የቁልፉ ግን ቦግ እንዳለ ቀረ። ቤት ገብቼ ከመሪው ሥር ያለውን ፕላስቲክ ፈታሁ። እዚያ በራሱ ጨለማ ውስጥ ተንጠልጥሎ የሚኖር አሮጌ የአላርም ሳጥን አገኘሁ። ሪሞት የለው፣ መብራት የለው፤ የሸጠልኝም ሰው መኖሩን ያወቀ አይመስለኝም። ሌባ እንዳይወስዳት ብለው ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ሽቦ ቆርጠው በአላርሙ ሪሌ (ኮረንቲ በሚከፍትና በሚዘጋ ማብሪያ) ውስጥ አሳልፈውታል። ጫፎቹ የተጠማዘዙ እንጂ የተበየዱ አይደሉም፤ ናስትሮው ቀልጦ እንደ ሙጫ እጄ ላይ ቀረ። ሪሌው እጅ አያስነካም፤ መሰኪያው ዙሪያውን ቡናማ ሆኗል። ያ ሃያ አምስት ደቂቃ እሱ እስኪሞቅ ነበር።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅዬ ሳጥኑንና ሪሌውን አወጣሁ፤ በቦታው ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ሽቦ አስገብቼ በካውያ በየድኩና በሙቀት የሚኮማተር ልባስ አለበስኩት። 0 ዶላር አልልም፤ ለሽቦውና ለልባሱ 11 ዶላር ወጥቶብኛል።

የሰባራ ባቡሩ መካኒክ

ጎሽ ልጄ! የቁልፉንም መሰኪያ አየኸው? ሪሌው እንዲህ ከጋለ እሱም ሳይነካ አይቀርም።

ባለቀይዋ

አይቼዋለሁ ጋሼ። አንዱ እግር ጠቆር ብሏል፤ አልላላም፣ ግን አዲሱን አዝዣለሁ፤ ማክሰኞ ይደርሳል። እስከዚያ አምፖሉን ከዳሽቦርዱ አላነሣሁትም። ትናንት ጣሪያዋን ከፍተን ፍሬድሪክ ድረስ ደርሰን መጣን። ባለቤቴ መንገዱን ትታ ቀስቱን ስታይ ነበር፤ 3400 ላይ ሄደ፣ 3400 ላይ ተመለሰ።