የብረት የሰዓት ማሰሪያ ለማሳጠር የትኛው መሣሪያ ይሻላል?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የእጅ ሰዓቴ የብረት ማሰሪያ ስለሚሰፋኝ ሰዓቱ ቀኑን ሙሉ ወደ እጄ ጎን እየዞረ ያስቸግረኛል፤ በመሆኑም ጥቂት አንጓዎችን በራሴ አውጥቼ ላሳጥረው አስቤአለሁ። ለዚህ ሥራ የሚሸጡትን መሣሪያዎች ስመለከት ሁለት ዓይነት ምርጫ ገጠመኝ። አንደኛው እጀታው ሲጠመዘዝ ቀጭን መርፌ ወደ ፊት እየገፋ ፒኑን የሚያስወጣ ትንሽ መግፊያ ሲሆን፣ ሌላው መዶሻ፣ ማስቀመጫ፣ ካቻቪቴዎች፣ ወረንጦና ሌሎች ብዙ ነገሮችን አንድ ላይ የያዘ ሣጥን ነው። በማሰሪያው የውስጥ ገጽ፣ በአንዳንዶቹ አንጓዎች ላይ፣ ትንንሽ ቀስቶች ተቀርጸዋል። የትኛውን ብገዛ ይሻለኛል? የማሰሪያው ጠርዝ እንዳይጫር የሚረዳ ዘዴ ካለም ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያ መልስ፦

መሣሪያውን የሚወስነው አንጓዎቹ የተያያዙበት መንገድ ስለሆነ፣ ከመግዛትዎ በፊት የማሰሪያውን ጎን በጥሩ ብርሃን፣ ቢቻል በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። በብዛት የሚያጋጥሙት ዓይነቶች ሦስት ናቸው፦ አንደኛው ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀና በራሱ ውጥረት የሚይዝ ፒን፣ ሁለተኛው ከትንሽ ቱቦ ጋር የሚሠራ ስንጥቅ የሌለው ፒን፣ ሦስተኛው ደግሞ ብሎን ነው። ቀስት መኖሩ ብዙ ጊዜ ፒን መሆኑን ያመለክታል፤ ፒኑ የሚወጣው ቀስቱ ወደሚያሳየው አቅጣጫ ሲሆን የሚመለሰው ደግሞ ከቀስቱ በተቃራኒ፣ የተሰነጠቀው ጫፍ በመጨረሻ እንዲገባ ተደርጎ ነው።

ለፒን እኔ የምመርጠው ማስቀመጫ፣ ቀላል መዶሻና በልኩ የተሠራ ማውጫ መርፌ ነው። ማስቀመጫው ማሰሪያው በጎኑ የሚቆምበት ቦይና ፒኑ ወደ ታች የሚወድቅበት ቀዳዳ ስላለው፣ ምቱ በቀጥታ ፒኑ ላይ ያርፋል። መዶሻው ፊቱ ናይለን ወይም ነሐስ ቢሆን፣ ድንገት ቢስት እንኳ ብረቱን ክፉኛ አይጎዳውም። ከሁሉም በላይ ግን ሊጨነቁበት የሚገባው የመርፌው ውፍረት ነው። ፒኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.8 እስከ 1.0 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው፤ መርፌው በቀዳዳው ውስጥ ያለ ችግር እንዲያልፍ ከፒኑ በጥቂቱ ብቻ መቅጠን አለበት። ከመጠን በላይ የቀጠነ መርፌ ይጎብጣል፤ አንዳንዴም በፒኑ ስንጥቅ መካከል ገብቶ ጭራሽ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። በመሆኑም ብዙ ዕቃ የታጨቀበትን ሣጥን ከመግዛት ይልቅ፣ ከጠንካራ ብረት የተሠሩ የ0.7፣ የ0.8 እና የ0.9 ሚሊ ሜትር መርፌዎችን መያዝ እጅግ ይጠቅማል፤ በእንዲህ ያሉ ሣጥኖች ውስጥ የሚገኙት ካቻቪቴዎችና መርፌዎች ብዙ ጊዜ ለስላሳ ናቸውና።

ጭረትን በተመለከተ፣ የአንጓውን ጎን በስስ ፕላስተር ሸፍነው ቀዳዳው ባለበት ቦታ ብቻ ይክፈቱት።

ሁለተኛ መልስ፦

ከላይ በተሰጠው ምክር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም ተጠምዛዡ መግፊያ በጥቅሉ መናቅ የለበትም እላለሁ። ምት ስለሌለው ለጀማሪ እጅ ይመቻል፣ ኃይሉም ቀስ እያለ ይጨምራል። ደካማ ጎኑ መርፌው ነው፤ ከፒኑ ጋር በትክክል ካልተስተካከለ ወይም ፒኑ በላብና በቆሻሻ ተጣብቆ ከነበረ ይጎብጣል፣ ይሰበራልም። ስለዚህ አካሉ ከብረት የተሠራና መለወጫ መርፌዎች ያሉትን ይምረጡ፤ እጀታውን ከማጥበቅዎ በፊት የመርፌው ጫፍ በፒኑ መሐል ማረፉን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ ጥቂት ዞሮ ከጠነከረብዎ ደግሞ አያስገድዱት። በዚያን ጊዜ ማሰሪያውን ከሰዓቱ ለይቶ በሞቀ የሳሙና ውኃ በብሩሽ ማጠብና ማድረቅ፣ ከዚያም እንደገና መሞከር ይሻላል።

ሦስተኛ መልስ፦

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በቱቦ የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ፒኑ ሲወጣ፣ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ቱቦ ሳይታይ ሊወድቅ ይችላል። ፒኑን አጥብቆ የሚይዘው ይህ ቱቦ ስለሆነ፣ ያለ እርሱ የተመለሰ ፒን በልኩ የገባ ቢመስልም ውሎ አድሮ ይወጣና ሰዓቱ ከእጅ ይወድቃል። ሥራውን ጠርዝ ባለው ትሪ ውስጥ፣ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ይሥሩ።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በአጉሊ መነጽር ስመለከተው በአንደኛው ጎን የፒኑ ጫፍ መካከል ላይ ቀጥ ያለ መስመር አለ፤ በሌላኛው ጎን ያለው ጫፍ ግን ድፍን ክብ ነው። መስመሩ የካቻቪቴ ማስገቢያ ይመስላል። ታዲያ ይህ ብሎን ነው ማለት ነው?

የመጀመሪያው መላሽ፦

ጥሩ አድርገው ተመልክተዋል፤ ብዙዎችን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። የተሰነጠቀ ፒን ጫፍ ከውጭ ሲታይ የብሎን ራስ ይመስላል። የብሎን ራስ ግን ከፒን ጫፍ ሰፋ ያለ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ለእርሱ ተብሎ በተሠራ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። የእርስዎ ቀስት ስላለው፣ ጫፉም ጠባብ ከሆነ፣ ፒን መሆኑ አያጠራጥርም፤ ካቻቪቴ አያስገቡበት፤ ቢያዞሩት ስንጥቁን ከማበላሸት በቀር የሚፈታ ነገር የለም። መርፌውን ቀስቱ ከሚጀምርበት ጎን፣ ማለትም በድፍኑ ጫፍ በኩል ያሳርፉ።

ብሎን ለሆነባቸው አንባቢዎች፦ የካቻቪቴው ምላጭ ስፋትም ውፍረትም ቦዩን በሚገባ የሚሞላ መሆን አለበት፤ 1.4 እና 1.6 ሚሊ ሜትር ብዙ ጊዜ ይበቃሉ። አልፈታ ካለ በማጣበቂያ ተይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ማሰሪያውን ከሰዓቱ ከለዩ በኋላ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ያለዝበዋል። ሲመልሱትም እንደ ሎክታይት 222 ያለ ዝቅተኛ ጥንካሬ ያለው ማጣበቂያ በጥርሱ ላይ በጣም ጥቂት ይቀቡ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ያረጋግጡ፦ በመቆለፊያው ጎን ተደርድረው የሚታዩ ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉ፣ ማሰሪያው የሚሰፋው በጥቂቱ ከሆነ፣ ማሰሪያውን ከመቆለፊያው ጋር የሚያያይዘውን ባለሞላ ዘንግ ወደ ሌላ ቀዳዳ ማዛወር ብቻ ሊበቃዎት ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጫፉ ሹል የሆነ የሞላ ዘንግ ማውጫ ነው፤ ዘንጉን በሹሉ ጫፍ ሲጫኑ ሌላኛውን እጅዎን ከላይ ይሸፍኑበት፣ ሞላው ዘንጉን ሊያስፈነጥረው ይችላልና። አንጓ ማውጣት የግድ ከሆነም መቆለፊያው ከእጅዎ ሥር መሐል ላይ እንዲያርፍ ከሁለቱም ወገን እኩል ያውጡ፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ተጨማሪውን በ6 ሰዓት በኩል ካለው ወገን ቢያወጡት ብዙ ጊዜ በተሻለ ይቀመጣል። ያወጧቸውን አንጓዎችና ፒኖች በአንድ ትንሽ ከረጢት ያስቀምጡ፤ በሙቀት ወራት እጅ ሲያብጥ አንዱን መመለስ ሊያስፈልግዎ ይችላል።