የመርከብ ቦይለር በውሃ ግፊት ሊፈተን ነው፣ ሴፍቲ ቫልቩን ምን ላድርገው?

ሰላም ወገኖች። ረዳት ቦይለራችን ላይ የሚያፈሱ ሁለት ቱቦዎች ቀይረን ጨርሰናል። ከሦስት ቀን በኋላ መርማሪው ይመጣል። የሥራ ግፊቱ 7 ባር ነው። ዝግጅቱን ለእኔ ሰጡኝ፣ እኔ ደግሞ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ሴፍቲ ቫልቮቹን (ግፊት ሲበዛ ራሳቸው ተከፍተው የሚያስተነፍሱትን) እንዳይከፈቱ ባሉበት አጥብቄ ልያዛቸው ወይስ ላውልቃቸው? አንዱ ባልደረባዬ ደግሞ «በአየር ብንፈትነው ይፈጥናል» እያለ ነው።

መልስ 1፦
አየሩን እርሳው! የታመቀ አየር ጉልበት ያጠራቅማል፣ አንድ ብየዳ ከለቀቀ ቦይለሩ ቦምብ ነው። ውሃ ግን እምብዛም ስለማይታመቅ ትንሽ ሲያፈስ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል። ለዚህም ነው ከላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ከፍተህ ከታች ቀስ እያልክ የምትሞላው፣ አረፋ የሌለው ውሃ እስኪወጣ ድረስ እንዳትዘጋው። ሴፍቲ ቫልቮቹን አውልቅና ፍላንጁን (ቫልቩ የሚታሰርበትን አፍ) በወፍራም የብረት ሳህን ድፈነው። አጥብቆ መያዝም ይቻላል፣ ግን ስፒንድሉ (የቫልቩ ዘንግ) ሊጣመም ይችላል። ከሁሉ የከፋው መያዣውን ረስቶ ቦይለሩን ማስነሳት ነው፣ ያን ቀን እግዜር ይሁናችሁ።

መልስ 2፦
ትክክል። እኔ የምጨምረው፣ ሌላ ቦይለር እየሠራ ከሆነ የእንፋሎት መስመሩ ላይም መድፈኛ ሳህን አስገባ። «ቫልቩ ተዘግቷል» ብለህ አትመነው። የውሃ ማያ መስታወቶቹንና ሴንሰሮቹንም ከግፊቱ ለይ። ውሃው በጣም ቀዝቃዛ አይሁን፣ ብረቱ ያልበውና ላቡን ከፍሳሽ መለየት ያቅትሃል። ከ20 እስከ 50 ዲግሪ ጥሩ ነው። ግፊቱን በእጅ ፓምፕ ቀስ እያልክ አሳድግ።
ስንት ባር ነው ያሰባችሁት? አዲስ ቦይለር ብዙ ጊዜ የሚፈተነው በንድፍ ግፊቱ (እንዲችለው ተደርጎ በተነደፈበት ግፊት) 1.5 እጥፍ ነው። ከጥገና በኋላ ግን መርማሪው ነው የሚወስነው፣ አስቀድማችሁ ጠይቁት። ደግሞ 7 ባር ያልከው የሥራ ግፊት እንጂ የንድፍ ግፊት ላይሆን ይችላል፣ የቦይለሩን ሰሌዳ እየው።

ጠያቂው፦
እናመሰግናለን። የሙቀት መከላከያ ልባሱስ ይነሳ?

መልስ 1፦
ጥገናው የነካው ቦታ ላይ ብቻ አንሳው። የቱቦዎቹ ጫፎች በደንብ ይጽዱ፣ ጥላሸት እያለ ጠብታ አይታይም። ምድጃው ውስጥም መብራት አስገባ። ከፈተናው በኋላ ውሃውን ስታፈስ መጀመሪያ የላዩን ማስወጫ ክፈት፣ አለዚያ ውስጡ ቫክዩም ይፈጠራል።

ጠያቂው፦
አሁን ሰሌዳውን አይቼው መጣሁ፣ የንድፍ ግፊቱ 9 ባር ነው። በ7 አስልቼ 10.5 ብዬ ነበር፣ በ9 ግን 1.5 እጥፉ 13.5 ነው። ያዘጋጀሁት የግፊት መለኪያ ጌጅ ደግሞ 12 ባር ላይ ያበቃል። ሌላ ልፈልግ ሄድኩ።