ልጅ መውለድ፣ ማጥባትና የእናት ልብ

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)
ጤና ይስጥልኝ። የአራት ልጆች እናት ነኝ። የመጨረሻውን ሳረግዝ ደም ግፊቴ ጨምሮ በሽንቴም ፕሮቲን ተገኝቶ ስለ ነበር እስካሁን ኒፌዲፒን እወስዳለሁ። ሕፃኑ ስምንት ወሩ ነው። አማቴ «ማጥባቱ እያከሳሽ ነውና ጡት አስጥዪው» ይሉኛል፤ ጎረቤቶቼ ደግሞ ልጅ ማብዛት ልብን እንደሚጎዳ ይናገራሉ። ማጥባቱ ለልቤ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? መድኃኒቱስ ለሕፃኑ አያሰጋም?

መልስ (አዋላጅ ነርስ፣ ደብረ ብርሃን)
እኅቴ፣ አያስጥሉት። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሴቶችን የተከታተሉ ስምንት ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ፣ ያጠቡ እናቶች ጨርሶ ካላጠቡት ይልቅ በልብና በደም ሥር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ11 ከመቶ፣ በስትሮክ ደግሞ በ12 ከመቶ ዝቅ ብሎ መገኘቱን ያሳያል። እርግጥ ነው፣ የሚያጠቡ ሴቶች በሌላም በኩል የተሻለ ጤና ሊኖራቸው ስለሚችል ልዩነቱን ሁሉ ለማጥባት መስጠት አይገባም። ከኒፌዲፒን ወደ ወተቱ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ማጥባትን አይከለክልም። በእርግጥ ከከሱ መፍትሔው በሶውንም ሽሮውንም ከወትሮው አብልጦ መመገብ ነው።

መልስ (ጤና መኮንን፣ መሐል ሜዳ)
በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ማጥባቱ ያለፈውን የእርግዝና ደም ግፊት አይሽረውም። እንዲህ ያለ ችግር የገጠማት ሴት በኋላ ዘመኗ በልብ ሕመምና በስትሮክ የመያዝ ዕድሏ ካልገጠማት ሴት በእጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሕፃኑን ለዘጠኝ ወሩ ክትባት ሲያመጡ የራስዎንም ግፊት ያስለኩ፣ ከዚያም በኋላ ልኬቱን አይተዉት፣ መድኃኒቱንም በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ። ልጅ ማብዛትን በተመለከተ፣ ከልብ ሕመም ጋር ያለው ግንኙነት አነስተኛ ነው፤ ልጅ ባበዙ አባቶችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ስለታየ ከፊሉ ከእርግዝናው ሳይሆን ከኑሮው የሚመጣ ይመስላል። ማራራቅ ከፈለጉ፣ ኤስትሮጅን ያለበት ኪኒን ግፊት ላለባት ሴት ስለማይመከር፣ በክንድ የሚቀበረውን ወይም ሉፕን ይጠይቁ።

መልስ (እናት፣ አንኮበር)
አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር ትንፋሽ ሲያጥር ሁሉም በዳገቱ ያሳብባል። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የተጎዳ የልብ ቫልቭ ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በእርግዝና ነው፤ በዚያን ጊዜ የደም መጠን በግማሽ ያህል ስለሚጨምር ልብ ሥራ ይበዛበታል። በጀርባዎ ሲተኙ ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም እግርዎ ካበጠ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ይሂዱ።