ጊዜያዊ ሙሌቱ የወደቀ፣ ሩት ካናል የተሠራለት መንጋጋ፦ በቀጥታ ክራውን ይደረግለት?

ጥያቄ፣ ከድሬዳዋ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለቤቴ ከአራት ወር በፊት በታችኛው የግራ መንጋጋ ጥርሷ ላይ የሩት ካናል (የጥርሱን ሥር ውስጥ አጽድቶ የመሙላት) ሕክምና ተደረገላት። ሥሮቹ ከተሞሉ በኋላ ላዩ በጊዜያዊ ሙሌት ተሸፍኖ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለክራውን (ጥርሱን ከላይ ለሚያለብሰው ሽፋን) እንድትመለስ ተነግሯት ነበር፤ ይሁን እንጂ ገንዘቡ አልሞላ ስላለን ቀጠሮው አለፈ። ከሁለት ወር ገደማ በፊት ቆሎ ስትቆረጥም ሙሌቱ ፈርሶ ወጣ። በስልክ መብራት ሳየው ከጉድጓዱ ወለል ላይ ሮዝ መልክ ያላቸው ሦስት ነጠብጣቦች ይታያሉ። ጠዋት ጠዋት መጥፎ ጣዕም ይሰማኛል ትላለች እንጂ ሕመም የላትም። አሁን ገንዘቡ ስለተገኘ ክራውኑን ማሠራት ይበቃል ወይስ ሥሩ እንደገና መታከም አለበት?

መልስ፣ የጥርስ ሐኪም ከሐረር

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ያዩት ሮዝ ነገር ጋታ ፐርቻ የሚባለው የሥር መሙያ ነው፤ ለዓይን ከታየ ምራቅም ያገኘዋል ማለት ነው። ሕመም አለመኖሩ እንዳያዘናጋችሁ አደራ እላለሁ፤ የጥርሱ ነርቭ ወጥቷልና ባክቴሪያ በሥሩ ጫፍ ያለውን አጥንት ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ከራጅ በቀር የሚናገር የለም።

ጋታ ፐርቻ በራሱ ከጥርሱ ግድግዳ ጋር አይጣበቅም። በመካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋው አብሮት የሚገባው ሲለር የሚባል ማሸጊያ ነው፤ እርሱም ሙሉ በሙሉ አያሽግም። በ1990 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ቶራቢነጃድና ባልደረቦቹ የተሞሉ ሥሮችን ላያቸውን ሳይሸፍኑ በቤተ ሙከራ ሲፈትኑ፣ አንዱ የባክቴሪያ ዓይነት በ19 ቀን፣ ሌላው በ42 ቀን ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ሥሮች እስከ ጫፋቸው ዘልቋቸዋል። በ1995 ደግሞ ሬይ እና ትሮፕ የ1,010 ጥርሶችን ራጅ መርምረው፣ ሥሩም የላይኛው ሙሌትም በደንብ ከተሠራላቸው ጥርሶች 91.4 በመቶ የሚሆኑት በጫፋቸው ዙሪያ ብግነት እንደሌለባቸው፣ ሁለቱም ከተበላሹባቸው ግን ከብግነት ነፃ የሆኑት 18.1 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አገኙ። ለእኔ የላይኛው ሙሌት የሕክምናው እኩሌታ ነው፤ ታካሚ ሥሩ ተሞላልኝ ብሎ ሲቀር የማዝነውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሥሩ ተከፍቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት በሚባል ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ታጥቦ እንደገና ይሞላ እላለሁ። ሲሠራ ምራቅ እንዳይገባ ረበር ዳም (ጥርሱን ከሌላው አፍ የሚለይ ስስ ላስቲክ) እንዲደረግ ይጠይቁ። በዚያው ቀጠሮ የካናሎቹ (በሥሩ ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች) አፍ ግላስ አዮኖመር ወይም ኮምፖዚት በሚባሉት የጥርስ መሙያዎች ይደፈን፤ ከላይ ያለው ሙሌት ቢፈርስ እንኳ ያ ንብርብር ይከላከላል።

መልስ፣ የጥርስ ሐኪም ከድሬዳዋ

ከሐረሩ ባልደረባዬ ጋር በብዙው እስማማለሁ፤ የቤተ ሙከራ ውጤት ግን አፍ ውስጥ ከሚሆነው ጋር ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ሪኩቺ እና በርገንሆልትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 ለረጅም ጊዜ ክፍት የቆዩ ጥርሶችን መርምረው፣ ሥራቸው በጥንቃቄ ተጠርጎ የተሞላላቸው ባክቴሪያን አጥብቀው እንደሚቋቋሙ አሳይተዋል። ስለዚህ ከመወሰን በፊት ሥሩ እንደተሞላ የተነሣውን ራጅ ከአዲሱ ጋር ማስተያየት ይገባል። የእናንተ ግን ሁለት ወር ሙሉ ክፍት ቆይቷል፣ መጥፎ ጣዕምም አለው፤ በዚህ ላይ ክራውን ከተደረገ በኋላ ችግር ቢነሣ ክራውኑን መብሳት ወይም ማውለቅ ሊያስፈልግ ነው። እኔም ብሆን ቀድሞ መታከሙን እመርጣለሁ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጀመሪያው ራጅ በእጃችን አለ። ገንዘቡ ለሥሩ ሕክምናና ለክራውኑ ባንድ ጊዜ ባይበቃስ?

መልስ፣ የጥርስ ሐኪም ከሐረር

የሥሩን ሕክምና አስቀድሙ፤ በዚያው ዕለት ላዩ በጊዜያዊ ሳይሆን በኮምፖዚት ይሞላ፣ ሐኪሙ ከቻለም የማኘኪያውን ጫፎች አብሮ ይሸፍናቸው። ክራውኑ እስኪደርስ ድረስ ቆሎውን በቀኝ በኩል ትቆርጥም።