ችርቻሮው ለውጭ ነጋዴ መከፈቱ ይጠቅመናል ወይስ ይጎዳናል?

አወያይ፦ በ2016 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ የውጭ ባለሀብቶች በገቢና ወጪ ንግድ፣ በጅምላና በችርቻሮ እንዲገቡ ተፈቅዷል። ችርቻሮው ከዚያ በፊት ለአገር ልጅ የተተወ ሥራ ነበር። ምን ትላላችሁ?

ባለሱቅ፦ እኔ እቃወማለሁ። ሱቄ ውስጥ የዱቤ ደብተር አለ። የሰፈሩ ሰው ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ ሳሙናውን ይወስዳል፤ ደሞዝ ሲወጣ ይከፍላል። ትልቅ ሱፐርማርኬት ይህን ለማን ያደርጋል? ደግሞ በካፒታል ሳንመጣጠን ምኑን ተወዳደርነው?

ታሪክ ወዳድ፦ ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ግን የውጭ ነጋዴ ለእኛ አዲስ አይደለም። የህንዶቹ የመሐመድ አሊ ድርጅት ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. እስኪያባርረው ድረስ አዲስ አበባ ላይ ትልቅ አስመጪ ነበር። የሰፈሩንም ሱቅ የመኖች ይዘውት ነበር። "አረብ ቤት" እያልን ያደግነው ለዚህ እኮ ነው።

ባለሱቅ፦ የመኑ እኮ ጎረቤት ነበር! አማርኛ ተናግሮ፣ እዚሁ ወልዶ ከብዶ። እሱም ዱቤ ይሰጥ ነበር።

የሦስት ልጆች እናት፦ እኔ የነጋዴው ዜግነት አያስጨንቀኝም። ሽንኩርት ከመቂ አዲስ አበባ እስኪደርስ ስንት ደላላ እጅ ይገባል? ያንን ሁሉ የምከፍለው እኔ ነኝ።

ታሪክ ወዳድ፦ እህቴ፣ ይሄ የቆየ በሽታ ነው። አሞሌ ጨው ከአፋር ሜዳ ተቆርጦ ይወጣል፤ እንደ ገንዘብም ይሠራ ነበር። ሲራራ ነጋዴው ወደ ደቡብና ምዕራብ በራቀ ቁጥር በአንድ ማርትሬዛ ብር የሚገኘው አሞሌ እያነሰ ይሄዳል። መንገዱ ረጅም ነው፣ አጋሰሱ ይደክማል፤ ልክ ነው። ግን በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥም እዚያው ዋጋ ላይ ይደመር ነበር። ዛሬ ደላላው የኬላውን ቦታ ይዟል። ከገበሬው በቀጥታ የሚገዛ ትልቅ ድርጅት ቢመጣ ይህን ሰንሰለት ያሳጥረዋል ባይ ነኝ።

ባለሱቅ፦ በቀጥታ መግዛት እኛስ መች ጠላን? የጎደለን መኪናና ብድር ነው። እኔ ብድር ጠይቄ ቤት አስይዝ ተባልኩ። ቤት ከየት ላምጣ? አሥር ባለሱቆች ተሰባስበን አንድ አይሱዙ ብንይዝ መቂ ሄደን እናመጣው ነበር። መጀመሪያ ለእኛ ይህን ያመቻቹልን፤ ከዚያ የውጭው ይምጣ።

የሦስት ልጆች እናት፦ እንደሱ ካደረጋችሁማ ከእናንተ ነው የምገዛው። ግን ዋጋውን በር ላይ ለጥፉልን።