አንድ ዳታ፣ ሦስት ዓይነት ቦክስ ፕሎት

ጠያቂ፦
ሰላም ናችሁ። ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ ታክሲ የጠበቁ 10 ሰዎች፣ በደቂቃ፦ 2፣ 4፣ 5፣ 7፣ 8፣ 10፣ 12፣ 15፣ 18፣ 29። ቦክስ ፕሎቱ (የዳታውን ስርጭት በሳጥንና በመስመር የሚያሳየው ሥዕል) በአር፣ ማለትም በስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ፣ በጂጂፕሎት 2 የሥዕል ጥቅል ሲሳል 29 ለብቻው ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ስታታ (ሌላ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) እና ኤክሴል ላይ ግን ነጥብ የለም፣ መስመሩ እስከ 29 ይዘልቃል። የሳጥኑም ቁመት አይገጥምም። የቱን ልመን?

የፒያሳው፦
ሦስቱም አልተሳሳቱም። ሚዲያኑ (መሐል ላይ የሚውለው ቁጥር) በሁሉም 9 ነው፤ የሚለያዩት ኳርታይል (ዳታውን በሩብ የሚከፍለው፣ የሳጥኑ ታችና ላይ ጠርዝ) ላይ ነው። ኳርታይሉ በሁለት ቁጥሮች መካከል ሲውል እያንዳንዱ ሶፍትዌር በየራሱ ደንብ ያሰላል። ሃይንድማንና ፋን እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጽሑፍ ዘጠኝ ደንብ ዘርዝረዋል።

ጂጂፕሎት ከዘጠኙ በሰባተኛው ደንብ፣ በታይፕ 7፣ ይሄዳል፦ 5.5 እና 14.25። ስታታ 3ኛውንና 8ኛውን ቁጥር እንዳለ ይወስዳል፦ 5 እና 15። ኤክሴል ካልነካኸው 4.75 እና 15.75 ይሰጥሃል። አሁን የሳጥኑን ቁመት በ1.5 አባዛና ላይኛው ኳርታይል ላይ ደምር፦ 27.375፣ 30፣ 32.25። ከዚህ ወሰን ያለፈ ቁጥር ለብቻው ነጥብ ይሆናል። 29 ያለፈው የመጀመሪያውን ወሰን ብቻ ነው፤ ነጥቡ የመጣው ከዚያ ነው።

የሚገርመው እዚያው አር ውስጥ ያለው መደበኛው የቦክስፕሎት ትዕዛዝ ከጂጂፕሎት ጋር አይስማማም። ዳታውን ለሁለት ከፍሎ የየግማሹን ሚዲያን ስለሚወስድ፣ በዚህ ዳታ እንደ ስታታ 5 እና 15 ያወጣል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። አንድ ዓይነት ለማድረግስ?

የፒያሳው፦
ኤክሴል ላይ ሳጥኑን ራይት ክሊክ፣ ፎርማት ዳታ ሲሪስ፣ ከዚያ ኢንክሉሲቭ ሚዲያን። የጂጂፕሎትን ቁጥር ይሰጥሃል። ስታታን መምሰል ካለበት ግን በአር ኳንታይልን በታይፕ 2 አስላና አምስቱን ቁጥሮች (2፣ 5፣ 9፣ 15፣ 29) ራስህ ለጂጂፕሎት ስጠው፣ ራሱ እንዳያሰላ ስታት የሚለውን አይደንቲቲ አድርገህ። ሺህ ሰው ቢኖርህ ልዩነቱ በዓይን ስለማይታይ አትድከም።

ቁጥር ወዳድ፦
ሂስቶግራም (በየክልሉ ስንት ሰው እንዳለ በዓምድ የሚያሳይ ሥዕል) ልትጨምር ከሆነ እሱም ያምታታሃል። ጂጂፕሎት ካልነገርከው 30 ቢን (አንድ ዓምድ የሚይዘው ክልል) ይሠራል፣ የፓይተኑ የሥዕል ጥቅል ማትፕሎትሊብ 10። ቢኑን በየ5 ደቂቃ ብታደርግ እንኳ የአር ሂስት ትዕዛዝ 5ን ከ0–5 ውስጥ ሲቆጥር ማትፕሎትሊብ ወደ 5–10 ይወስደዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓምድ በአር 3 ሰው፣ በፓይተን 2 ሰው ይሆናል። ሰው የጠበቀውን ሲጠየቅ 5፣ 10፣ 15 እያለ ስለሚመልስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አር ላይ በሂስት ትዕዛዙ ራይት የሚለውን ምርጫ ፎልስ ብትለው ይገጥማል።

ጠያቂ፦
ገጠመ። ከሥዕሉ ስር የሶፍትዌሩን ስም ከነቨርዥኑ ጽፌያለሁ።

የፒያሳው፦
የኳርታይሉን ታይፕም ጨምርበት። በአር ብቻ ሁለት መልስ እንዳለው አይተሃል።