ዩሪያ ያደረግሁለት በቆሎ ቢጫ ሆነ፤ ነገ ልድገምለት?

ጠያቂ (ሜጫ)፦ እባካችሁ ዛሬውኑ መልሱልኝ፤ ነገ ጠዋት ሠራተኞች ይመጣሉ። በቆሎዬ ጉልበት ሲደርስ ዩሪያ በተንኩለት። በማግሥቱ ዝናቡ ያለማቋረጥ ወረደ። አሁን የታችኛው ማሳ ቢጫ ሆኗል። የሸጠልኝ ነጋዴ ጨው ሳይቀላቅልበት አይቀርም። ግማሽ ኩንታል ቀርቶኛል፤ ልድገም ወይስ ልተወው?

ቀልደኛው፦ አደይ አበባ ቀድሞ ደርሶልህ ነው፤ እንኳን አደረሰህ!

ሽልሻሎ፦ ውኃ ተኝቶበት ይሆናል። ቦይ ቅደድለት።

የቀድሞ መምህር፦ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዩሪያ ከመቶው 46 እጁ ናይትሮጅን ነው። አፈር ውስጥ ወደ አሞኒየም፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ናይትሬትን ዝናብ ይዞት ወደ ታች ይሰርጋል፤ ውኃ በተኛበት መሬት ደግሞ ባክቴሪያዎች ወደ ጋዝ ይቀይሩታል። አፈር ሳይለብስ በፀሐይ ከዋለም አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ስለዚህ መጀመሪያ ልንጠይቅ የሚገባን…

የቡሬዋ ገበሬ፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሰውየው የሚቸኩለው ለነገ ነው። ወንድሜ፣ ቢጫ የሆነው የታችኛው ቅጠል ነው ወይስ አዲሱ? ከጫፉ ጀምሮ የመሀሉን ጅማት ተከትሎ የሚገባ፣ ጠርዙ ግን አረንጓዴ ሆኖ የሚቀር ከሆነ የናይትሮጅን እጥረት ነው።

ጠያቂ፦ ልክ እንዳልሽው ነው፣ የታችኛው ቅጠል። ግን ዩሪያ አድርጌለት እንዴት ያጥረዋል? ጨው ነው እላችኋለሁ።

ሽልሻሎ፦ ቦይ አልኩህ እኮ።

ዳሞት፦ ሰው ከመወንጀልህ በፊት አስብ። ጨው ቢሆን ኖሮ የላይኛው ማሳህን ማን ማረው? ጆንያው አንድ አይደለም እንዴ? አንድ እፍኝ ዩሪያ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምረህ አማስል። ዩሪያ ሲሟሟ ብርጭቆው እጅህ ላይ ቅዝቅዝ ይላል፤ ጨው ያን ያህል አያቀዘቅዝም።

ቀልደኛው፦ የባለቤትህን የእንግዳ ብርጭቆ ግን እንዳትነካ።

የቡሬዋ ገበሬ፦ ነገ ዩሪያ አትጨምር። ውኃ ውስጥ የቆመ ሥር ያለውንም አይስብም። ሠራተኞቹ ቦይ ይቅደዱ፣ አረምም ይንቀሉ፤ አለዚያ ማዳበሪያውን የሚበላው አረሙ ነው። ውኃው ሲሸሽና አፈሩ ሲጠፈፍ፣ ከአገዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቀህ በመስመር ጨምርና አፈር አልብሰው። ዩሪያው በቅጠሉ እምብርት ውስጥ ከገባ ያቃጥለዋል። ጆንያውን ሁሉ አታራግፍ፤ በእኛ በኩል ለሩብ ሄክታር 50 ኪሎ የምናደርገው ለዓመቱ በሙሉ ነው፣ ያውም ከፍለን። ግን ሳያብብ ድረስበት። ቢጫ የሆነው ቅጠል አይመለስም፤ አዲስ የሚወጣውን እያየህ ፍረድ።

የቀድሞ መምህር፦ በዘር ጊዜ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) አድርገሃል? አፈሩስ አሲዳማ ነው? ኖራ ያስፈልገው እንደሆነ…

ሽልሻሎ፦ ቦይ ያልኩት እኔ መሆኔ ይመዝገብልኝ።

አቸፈር፦ የእኔም ቢጫ ሆኗል፤ ማሳዬ ግን ተዳፋት ነው፣ ውኃ አይተኛበትም። እኔስ ምን ላድርግ? ጠያቂው፣ ብርጭቆው ቀዘቀዘ?